ስለ ሕዝብ ቍጥርና ስለ ክረምት በዓላት

(በዲላ ከተማ በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የኢዮቤልዩ በዓል በቍጥር ላይ የቆመ በዓል ነው። በኦሪት ሕግ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ 49 ሲሞላ በ50ኛው ዓመት መለከት ይነፋ ነበር፤ የተሸጠው ርስት ወደ ባለቤቱ፥ በባርነት ያደረውም ሰው ወደ ወገኑ ይመለስ ነበር። ዓመቱን ያልቈጠረ ሕዝብ የነጻነቱን ዓመት ሊያውቅ ባልቻለም ነበር። ስለዚህ በዚህ ቀን ስለ ቍጥር መናገር ከበዓሉ ሥርዓት መውጣት አይመስለኝም።

የምናገርበትም ነገር ሁለት ወገን አለው። አንደኛው መንግሥት ሕዝቡን የሚቈጥርበት ሥራ ነው፤ ሁለተኛው በክረምት የምናከብራቸው በዓላትና የምንጾማቸው አጽዋማት ናቸው። እነዚህ ሁለቱ የተራራቁ ይመስላሉ፤ አንዱ የቢሮ፥ አንዱ የቤተ ክርስቲያን ነውና። ነገር ግን ሰው በየት እንደሚገኝና መቼ እንደሚገኝ የሚወስነው በዓሉና ዝናሙ ስለ ሆነ፥ ሁለቱ በአንድ ደጃፍ ይገናኛሉ።

አስቀድሞ ግን ከመንገዳችን አንድ እንቅፋት እናንሣ። በአገራችን ልጆቹን ወይም ከብቶቹን ሲቈጥሩበት የሚከፋው፥ የተቈጠረ ይቀንሳል ብሎ የሚሰጋ ሰው ጥቂት አይደለም። ለዚህም ምስክር አድርጎ የሚጠራው የንጉሥ ዳዊትን ነገር ነው። ዳዊት የጭፍራውን አለቃ ኢዮአብን ልኮ ሕዝቡን ባስቈጠረ ጊዜ፥ ቈጠራው ዘጠኝ ወር ከሃያ ቀን ፈጀ፤ በመጨረሻም ቸነፈር ሆነ፥ 70 ሺሕ ሰው ሞተ። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ያው መጽሐፍ ሙሴ ሕዝቡን በሲና ምድረ በዳ በእግዚአብሔር ትእዛዝ እንደ ቈጠረ፥ ከሃያ ዓመት በላይ ያሉትም ወንዶች ከሌዋውያን በቀር 603,550 እንደ ሆኑ ይነግረናል፤ ከኦሪት መጻሕፍት አንዱም በዚህ ምክንያት ዘኍልቍ ተብሎ ተጠርቷል። እንግዲህ መቍጠር በራሱ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ለሙሴ ባልታዘዘም ነበር። ልዩነቱ በምክንያቱ ነው። ሙሴ የቈጠረው በየስማቸውና በየአባቶቻቸው ቤት፥ ለሰፈርና ለአገልግሎት ሥርዓት ነበር፤ ስለ ቈጠራውም ባለጠጋው ግማሽ ሰቅል፥ ድኃውም ግማሽ ሰቅል እንዲሰጥ፥ አንዱ እንዳያበዛ አንዱም እንዳያጐድል ታዘዘ። በቍጥር ፊት ሁሉ ትክክል መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ዳዊት ግን የቈጠረው በኃይሉ ሊመካ ነው ብለው መተርጕማን ያስተምራሉ። ጌታችንም በተወለደ ጊዜ አውግስጦስ ቄሣር ዓለም ሁሉ ይጻፍ ብሎ አዝዞ ነበርና፥ ዮሴፍና እመቤታችን ወደ ቤተ ልሔም የወጡት ሊጻፉ ነው። ከሰው ጋራ መቈጠርን ጌታ አልናቀውም፤ እኛም ልንሸሸው አይገባንም።

አሁን ወደ አገራችን ነገር እንምጣ። ቤተ ክርስቲያናችን በባሕረ ሐሳብ ዘመንን ስትቈጥር ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል፤ አበቅቴውና መጥቅዑ፥ ጾሙና በዓሉ ሁሉ በሒሳብ ይወጣል። ሕዝቡን በአገር መጠን መቍጠር ግን የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በ20ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ ከተቋቋመ በኋላ፥ በመጀመሪያ የተደረገው ከየአገሩ ጥቂት መንደር መርጦ በናሙና መገመት ነበር። መላው አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የተቈጠረው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ የቈጠራውም ቀን ግንቦት 1 ነበር። ሁለተኛው ቈጠራ ጥቅምት 1 ቀን 1987 ዓ.ም. ተደረገ። ሦስተኛው ግንቦት 20 ቀን 1999 ዓ.ም. ሆነ፤ በአፋርና በሶማሌ ክልል ግን ኅዳር 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ተፈጸመ።

ቍጥራቸውም እንዲህ ነው። በ1976 ዓ.ም. ኤርትራን ጨምሮ ወደ 42 ሚሊዮን 600 ሺሕ ሰው ነበረ፤ ይህም ጦርነት ባለበት ስፍራ ሁሉ ቈጣሪ መድረስ ስላልቻለ ከፊሉ በግምት የተሞላ ነው። በ1987 ዓ.ም. 53,477,265 ሆነ። በ1999ኙ ቈጠራ 73,750,932 ሆነ። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ሕዝቡ በየዓመቱ ከመቶ 2.6 ያህል ይጨምር ነበር ማለት ነው።

ወንድሞቼ፥ እነዚህን ቀኖች በዓላትን በሚያውቅ ሰው ዓይን ተመልከቷቸው። ግንቦት 1 ቀን የእመቤታችን ልደታ ነው፤ ሕዝቡ ንፍሮ ቀቅሎ ከደጅ ወጥቶ ከጎረቤቱ ጋራ የሚቀምስበት ቀን ነው። ጥቅምት 1 ቀን ክረምቱ መስከረም 25 ከተፈጸመ በኋላ፥ በዘመነ ጽጌ መጀመሪያ ሳምንት ይውላል። ግንቦት 20 ቀንም በዚያን ጊዜ የመንግሥት በዓል ነበረ። ከሦስቱ ቈጠራዎች ሁለቱ ክረምት ሳይገባ፥ አንዱ ክረምት እንደ ወጣ ተደረጉ፤ የአፋርና የሶማሌውም በበጋ ሆነ። በክረምት ውስጥ የተደረገ ግን አንድ ስንኳ የለም።

ይህ ስለ ምን ሆነ ቢሉ፥ መጀመሪያው ምክንያት ለሁሉ ግልጥ ነው፤ ዝናም ነው። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ባለው 95 ቀን ወንዙ ይሞላል፥ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፥ ቈጣሪው ወረቀቱን ከዝናም አድኖ ከቤት ወደ ቤት መሄድ ያስቸግረዋል። ሁለተኛው ምክንያት ግን እንደ ዝናሙ ለሁሉ አይታይም፤ ይኸውም በክረምት ሰው ከቤቱ አለመገኘቱ ነው። እስቲ በዓላቱን በየተራ እንቍጠራቸው።

ሐምሌ 5 ቀን የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ነው፥ የሐዋርያት ጾም ይፈታል። ሐምሌ 7 ቀን ሥላሴ ነው። ሐምሌ 19 ቀን ቅዱስ ገብርኤል ነው፤ በዚህ ቀን ብዙ ሺሕ ሰው ከየአገሩ ተነሥቶ ወደ ቍልቢ ይጓዛል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ጾመ ፍልሰታ ነው፤ በዚህም ጊዜ ሽማግሌውና ባልቴቷ፥ ከዚያም አልፎ ወጣቱ፥ ቤቱን ዘግቶ በገዳምና በደብር ሱባኤ ይገባል። ነሐሴ 13 ቀን ደብረ ታቦር ነው፤ ልጆች ጅራፍ እያጮኹ፥ ሙልሙል እየተቀበሉ ከደጅ ወደ ደጅ ይዞራሉ። ነሐሴ 16 ቀን የእመቤታችን ዕርገት ነው። ነሐሴ 24 ቀን አቡነ ተክለ ሃይማኖት፥ ጳጕሜን 3 ቀን ቅዱስ ሩፋኤል ነው። መስከረም 1 ቀን ቅዱስ ዮሐንስ፥ መስከረም 17 ቀን መስቀል ነው። በመስቀል ጊዜ የጉራጌ ሰው ከአዲስ አበባና ከየከተማው ሱቁን ዘግቶ ወደ አባቱ ቤት እንደሚገባ የማያውቅ የለም፤ የወላይታም ሰው ለጊፋታ፥ የጋሞም ሰው ለመስቀሉ እንዲሁ ወደ አገሩ ይመለሳል። በዚህ ላይ ተማሪው ትምህርት ቤት ተዘግቶለት ከከተማ ወደ ገጠር ይወርዳል።

እንግዲህ በመስቀል ዋዜማ ሌሊት ሕዝብ ቢቈጠር፥ አዲስ አበባ ከልኳ ያነሰች፥ የጉራጌ አገር ከልኩ የበዛ ሆኖ ይጻፋል። በፍልሰታ ሱባኤ ቢቈጠር የገዳሙ መንደር ከተማ ይመስላል። የአውግስጦስ ቈጠራ ሰውን ሁሉ ወደ አባቱ ከተማ አስኬደ፤ የዘመናችን ቈጠራ ግን ተቃራኒውን ይፈልጋል፥ ሰው ዘወትር በሚኖርበት፥ በሚሠራበት፥ ልጁን በሚያስተምርበት ስፍራ እንዲገኝ። የዘወትር ነዋሪ ማን ነው፥ እንግዳስ ማን ነው፥ በቈጠራው ሌሊትስ ማን የት አደረ ተብሎ ተለይቶ የሚጠየቀውም ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ለአንዱ አገር የተመቸ ወር ለሌላው ላይመች ይችላል። ይህንንም ከዲላ ይልቅ የሚያውቅ ከተማ የለም። የሰሜኑ ሰው ክረምት የሚለው አንዱን የሰኔና የመስከረም ዝናም ነው። የጌዴኦ ምድር ግን ዝናምን በሁለት ወራት ይቀበላል፤ አንዱ በበልግ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፥ ሁለተኛው ከነሐሴ ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ነው። ስለዚህ ለአገሩ ሁሉ ክረምት ሳይገባ እንቍጠር ተብሎ የተቈረጠው የግንቦት ቀን፥ በቡሌ ደጋና በኮቸሬ ገደል ላለ ቈጣሪ የጭቃና የጉም ወር ነበር። ክረምቱ ሲወጣ እንቍጠር ቢባልም ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ የቡናው ለቀማ ነው፤ በይርጋ ጨፌ፥ በወናጎና በዲላ ዙሪያ ቤተ ሰብ ሁሉ ከነልጁ በቡናው ሥር ይውላል፥ ከሌላ አገርም የቀን ሠራተኛ ይመጣል። የጌዴኦ ሕዝብ የዘመን መለወጫ በዓል ደራሮም የሚከበረው ቡናው ከገባ በኋላ በጥር ነው። ስለዚህ የአንዱን አገር ዝናምና በዓል ብቻ ተመልክቶ ቀን የሚቈርጥ ሰው የሌላውን አገር ሰው ከቤቱ ያጣዋል።

በዓላት ግን ቈጠራን የሚያውኩ ብቻ አይደሉም፤ የሚረዱበትም መንገድ አለ። ቈጣሪ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ዕድሜ ነው። የልደቱን ቀን በወረቀት ያልያዘ ሰው ዕድሜውን ሲጠየቅ ወደ ሙሉ ቍጥር ያዘነብላል፤ 30፥ 40፥ 50 ይላል፤ 43 ወይም 58 የሚል ጥቂት ነው። በአገራችን ቈጠራዎች በአምስትና በዐሥር የሚያበቁ ዕድሜዎች ከሌሎቹ በዝተው መታየታቸውም በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ያችው እናት ልጅሽ መቼ ተወለደ ብትባል፥ የቡሄ ማግሥት፥ ወይም የፍልሰታ መያዣ፥ ወይም የኪዳነ ምሕረት ዕለት ትላለች፤ ዓመቱንም በታወቀ ነገር፥ በአንድ ረኃብ ወይም በአንድ መንግሥት ለውጥ ታስረዳለች። የሠለጠነ ቈጣሪ ይህን ያውቃልና፥ የታወቁ ነገሮች ከነዓመታቸው የተጻፉበትን ዝርዝር ይዞ በዚያ ዕድሜን ያወጣል። ቤተ ክርስቲያን በየቀኑ በዓል መሥራቷ ላልተማረው ሕዝብ የልደት መዝገብ ሆኖ ኖሯል ማለት ነው። ይህ መዝገብ ግን በእናቲቱ ልብ ብቻ ተጽፎ የሚኖር ነው፤ እርስዋ ባረፈች ጊዜ አብሮ ይቀበራል።

አሁን የራሳችንን የጌዴኦን ቍጥር እንመልከት። በ1987 ዓ.ም. ቈጠራ የጌዴኦ ዞን ሕዝብ 564,073 ነበረ። በ1999 ዓ.ም. 847,434 ሆነ። በዐሥራ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ውስጥ 283,361 ሰው ተጨመረ፤ ይህም የቀድሞው እኩሌታ ያህል ነው። የዲላ ከተማም ከ33,734 ወደ 59,150 ወጣች። የዞኑ ስፋት 1,211 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ በ1999 ዓ.ም. በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 700 ያህል ሰው ይኖር ነበር። በዚያን ጊዜ የመላው አገር ቢካፈል በካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 67 ሰው ይደርስ ነበርና፥ ጌዴኦ ዐሥር እጥፍ የጠበበ ምድር ነው።

ይህን ያህል ሕዝብ በጠባብ ምድር የተሸከመው ምንድር ነው ቢሉ፥ ሦስት ነገር ነው። ቡናው ከታች፥ እንሰቱ ከመካከል፥ ዛፉ ከላይ ሆነው በአንድ ማሳ አብረው ይኖራሉ፤ እንሰቱ ያጠግባል፥ ቡናው ገንዘብ ያመጣል፥ ዛፉ አፈሩን በተዳፋቱ ላይ ይይዛል። ይህን የአባቶች ብልሃት ዓለም መርምሮ የጌዴኦን መልክአ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ጽፎታል። ነገር ግን ማሳው ለልጅና ለልጅ ልጅ በተካፈለ ቍጥር ይጠባል። ስንት ልጅ እንዳለ፥ ስንቱ መሬት እንደሚያጣ፥ ስንቱ ወደ ዲላና ወደ ሐዋሳ እንደሚወጣ የሚያሳውቅ ቍጥር ከሌለ፥ ይህን የከበረ ቅርስ ለመጠበቅ የሚታሰበው ነገር ሁሉ በጨለማ የሚደረግ ይሆናል።

ቍጥር ማጣት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ደግሞ ይህ አገር በዓይኑ አይቷል። በ2010 ዓ.ም. ከሚያዝያ ጀምሮ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ ጠብ ሆነ፤ አብረው ቡና የሚሸጡ፥ በአንድ ገበያ የሚገናኙ፥ የተጋቡና የተዋለዱ ሁለት ወንድማማች ሕዝቦች ተለያዩ። ክረምቱ ሲገባ ከሁለቱም ወገን ከ800 ሺሕ የሚበልጥ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሎ ነበር፤ የበዛውም በጌዴኦ ዞን ውስጥ ተጠልሎ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የዞኑ ሕዝብ ሁሉ 847,434 እንደ ነበረ ሰምታችኋል፤ የተፈናቃዩን ብዛት ከዚህ ጋራ አስተያዩት። ያ ሁሉ ሰው ሐምሌንና ነሐሴን በትምህርት ቤት፥ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፥ ባላለቀ ሕንጻና በሸራ ሥር አሳለፈ። የፍልሰታን ጾም የጾመው፥ ልጆቹም ቡሄን ያሳለፉት፥ እንቍጣጣሽም የሆነለት በዚያው ነው።

በዚያ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የተፈለገው ቍጥር ነበር። እህሉ ስንት ኩንታል ይበቃል፥ ብርድ ልብሱ ስንት ይምጣ፥ ነፍሰ ጡር ስንት ናት፥ የሚያጠቡ ስንት ናቸው፥ ያለ ወላጅ የመጣ ሕፃን ስንት ነው የሚለው ጥያቄ ሁሉ ያለ ቍጥር መልስ የለውም። ያልተጻፈ ሰው ሰልፍ ቢቆምም ድርሻ አይወጣለትም። በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅን መለየት እንማራለን፤ በዚህም ነገር ቍጥሩ ሰም ነው፥ ሰውየው ወርቅ ነው። ሰሙን ብቻ የያዘ ባለ መዝገብ ልበ ደረቅ ይሆናል፤ ሰሙን የናቀ ግን ወርቁን የሚያፈስስበት የለውም።

በሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቈጠራ በየዐሥር ዓመቱ እንዲደረግ ተጽፏል። በዚህ ሥርዓት አራተኛው ቈጠራ በ2009 ዓ.ም. ገደማ መሆን ነበረበት። ለ2010 ዓ.ም. ተቀጠረ፥ ተላለፈ፤ ለመጋቢት 29 ቀን 2011 ዓ.ም. ተቀጠረ፥ ከጸጥታ መጓደልና ከሕዝብ መፈናቀል የተነሣ ደግሞ ተላለፈ፤ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መጣና እንደ ገና ተላለፈ። እንዲህ ሆኖ ከ1999 ዓ.ም. በኋላ ብዙ ክረምት አለፈ። በዚያ ዓመት የተወለደ ሕፃን አድጎ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ፥ አገሩ እርሱን የምታውቀው በግምት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያን ሕዝብ በ2015 ዓ.ም. ገደማ ከ120 ሚሊዮን በላይ ገምቶታል፤ ግምት ግን ስንኳ ለወረዳ፥ ለዞንም በቅጡ አይወርድም። የምክር ቤት ወንበር፥ የድጎማ በጀት፥ የመምህርና የሐኪም ምደባ ሁሉ በሕዝብ ብዛት ስለሚሰላ፥ ሕዝቡ በዝቶ መዝገቡ ያረጀበት አገር ትንሽ እንጀራ ለብዙ እንግዳ እንደሚያቀርብ ቤት ይሆናል።

ቈጠራ ቢደረግም ሁሉን እንደማያድን ደግሞ እናውቃለን። የ1976ቱ ቈጠራ ግንቦት ላይ ተፈጽሞ ጥቂት ወራት ሳያልፉ፥ ዝናሙ ቀርቶ የ1977 ዓ.ም. ታላቅ ረኃብ አገሩን መታው። የተቈጠረ ሕዝብ ከረኃብ የሚድነው ቍጥሩን የያዘው ሰው ሲሠራበት ነው እንጂ በመቈጠሩ ብቻ አይደለም።

አባቶቼና ወንድሞቼ፤ ታላቁን ቈጠራ የሚያዝዘው መንግሥት ነው፥ እኛ ቀኑን ልንቈርጥ አንችልም። ነገር ግን በእጃችን ያለ ሥራ አለ፤ እርሱን ልናገርና ልጨርስ።

የበዓል ቀን ሕዝብ ብዛት ቍጥር አይደለም። በፍልሰታ ቅዳሴ ይህ ግቢ ሞልቶ ሲፈስስ ምእመናናችን በዙ እንላለን፤ በሐምሌ ዝናም እሑድ ቅዳሴው ሲሳሳ አነሱ እንላለን። ሁለቱም ሐሰት ነው። በበዓል ቀን የሚታየው የመጣው ነው፤ መዝገብ የሚያስፈልገው ግን ለቀረው ነው። አልጋ የያዘው ሽማግሌ፥ ቡና ስትለቅም የምትውል መበለት፥ ጫማ የሚጠርግ ልጅ፥ ተፈናቅላ መጥታ በኪራይ ቤት የተቀመጠች እናት በበዓል ቀን ላትታይ ትችላለች። በወንጌል ያለው እረኛ አንዲቱ በግ እንደ ጠፋችበት ያወቀው መቶ እንደ ነበሩ ስለ ቈጠረ ነው፤ ባይቈጥር ኖሮ 99ኙን አይቶ ብዙ ናቸው ብሎ ይተኛ ነበር።

እንግዲህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ የጥምቀት መዝገባችን ነው። መንግሥት በ2004 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 760 ልደት፥ ሞት፥ ጋብቻና ፍቺ እንዲመዘገቡ ደንግጎ፥ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ፥ የፍልሰታ ጾም ሊገባ ሲል፥ በየቀበሌው መመዝገብ ተጀምሯል። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። በእኛ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ትጠመቃለች። ወንዱ ከተጠመቀ በኋላ 50 ቀን ይቀራል፤ ሴቲቱ ከተጠመቀች በኋላ የሚቀረው 10 ቀን ብቻ ነው። በክረምት ደግሞ ዐሥሩ ቀን በዝናምና በበዓል ሳይታወቅ ያልፋል። ስለዚህ አጥማቂው ካህን ስመ ክርስትናውን ሲሰጥ፥ ወላጆችን ወደ ቀበሌ ሄዳችሁ አስመዝግቡ ብሎ ቢያሳስብ፥ ለሴቶች ልጆቻችን በተለይ ታላቅ ቸርነት ነው። የልደት ወረቀት የሌላት ልጅ ዕድሜዋን በሌላ ሰው አፍ ትታመናለች፤ ያለ ዕድሜዋ ሊድሯት ቢሹ ገና ልጅ ናት የሚል ወረቀት አይገኝላትም።

ሁለተኛ፥ የሞት መዝገብ ነው። ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ታዝዟል። ሕዝባችን ግን ጕዳይን ሁሉ ከ40 ቀን ተዝካር በኋላ ይላል፤ በዚያን ጊዜ ቀኑ አልፏል። መበለቲቱ የባልዋን ሞት የሚያስረዳ ወረቀት አጥታ በርስትና በጡረታ ስትጕላላ ማየት አይገባንም። የንስሐ አባት ከሠልስቱ እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ቀን ለጸሎት ወደ ኀዘንተኛው ቤት ሲገባ፥ ይህን በለሆሳስ ቢናገር ከማጽናናት የሚቈጠር ነው።

ሦስተኛ፥ የአጥቢያው መዝገብ ነው። ከነሐሴ 17 እስከ ጳጕሜን መጨረሻ ጾሙ ተፈትቶ፥ ትምህርት ቤት ገና ሳይከፈት፥ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶቻችን ሥራ የሚፈቱበት ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ ከንስሐ አባቶች ጋራ ሆነው ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ የእያንዳንዱን ቤተ ሰብ ስም፥ የልደት ቀን፥ የታመመውን፥ የተቸገረውን፥ ያልተማረውን ሕፃን ቢጽፉ፥ አዲሱን ዓመት በታደሰ መዝገብ እንቀበላለን። ወጣቶቹ የመስከረምን ስደተኛና ተመላሽ አይጻፉ፤ ዘወትር በአጥቢያው የሚኖረውን ይጻፉ። የጻፉትም ነገር በቡና ላይ የሚወራ እንዳይሆን፥ መንግሥት የቈጠራውን ቃል በምስጢር እንደሚጠብቅ እኛም በንስሐ ልክ እንጠብቀው። በችግር ቀን ግን ከመዝገባችን ውጭ ያለውን፥ በሃይማኖት ከእኛ የተለየውንም ጎረቤት፥ ተርቦ ስናይ መዝገቡን ዘግተን እጃችንን እንክፈት። መዝገቡ የራሳችንን እንዳንረሳ ነው እንጂ ሌላውን እንድንከለክል አይደለም።

በዚህ ዞን በቱቱ ፈላና በጨልባ ቱቲቲ የጥንት ሰዎች የተከሏቸው ብዙ ድንጋዮች ቆመዋል። ስማቸውን አናውቅም፤ ድንጋዩን ባይተክሉ ኖሮ ግን መኖራቸውንም ባላወቅን ነበር። እኛ ብዕርና ወረቀት ተሰጥቶን ልጆቻችንን ያለ ስም ብናሳልፋቸው ከእነርሱ ያነስን እንሆናለን። የሚቀጥለው ኢዮቤልዩ ሲከበር በዚህ ስፍራ የሚቆሙ ሰዎች፥ በዚህ ዘመን በዲላ ስንት ሕፃን ተጠመቀ፥ ስንት ሰው አረፈ፥ ስንት ስደተኛ ገብቶ ስንቱ ወደ ቤቱ ተመለሰ ብለው ቢጠይቁ፥ መልሱን በደብራችን መዝገብ ያግኙት።

ዘመናትን በቍጥር የሚያፈራርቅ፥ የከዋክብትን ብዛት የሚያውቅ፥ እያንዳንዱንም በስሙ የሚጠራ አምላክ፥ ክረምቱን የበረከት፥ በዓላቱን የሰላም ያድርግልን፤ ከቤቱ የተለየውንም ሁሉ ወደ ቤቱ ይመልስልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።